የንግድ ሕግን ከዋናው ትምህርት ጋራ መማር ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ጥቅም

ልጅን ማስተማር መልካም መሆኑን ዛሬ ባገራችን የሚክድ ወላጅ የለም። ከጌዶም ሆነ ከጊንጪ፣ ከጀልዱም ሆነ ከባኮ፣ አባት በሬውን ሸጦ፣ እናትም የቅቤዋን ገንዘብ አጠራቅማ ልጃቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሰዳሉ። ነገር ግን ልጁ ገብቶ መማር ከጀመረ በኋላ ብዙ ወላጆችን አንድ ነገር ሲያስገርማቸው እናያለን። ይኸውም የሒሳብ አያያዝ ወይም የሥራ አመራር ሊማር የሄደው ልጅ ለዕረፍት ሲመለስ የሕግ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ መገኘቱ ነው። አባትም፤ «ዳኛ ልትሆን ነው ወይስ ጠበቃ? ሒሳብ ተማር ብለን ልከንህ ሕግ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም ብዙ ጊዜ፤ «ታዝዞ ነው፤ ካላለፍሁት አያስመርቁኝም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አያገኝም።

ይህ ጥያቄ የሚነቀፍ አይደለም። ደክሞ ያስተማረ ሰው ድካሙ በምን ላይ እንደ ዋለ ሊያውቅ ይገባዋልና። እኛም ባምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጠን የሰዎችን ክስና መልስ ስንቀበል ብዙ ዘመን ስለ ቆየን፣ ከዚያ ያየነውን መሠረት አድርገን ለወላጆችም ለተማሪዎችም መልስ የሚሆን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። የንግድ ሕግን በሁለተኛ ትምህርትነት የተማረ ልጅ ጠበቃ አይሆንም። ነገር ግን ከቤቱ የሚወጣ ፊርማ ምን እንደሚያስከትል ፊርማው ሳይወጣ በፊት ያውቃል። ወደ ፍርድ ቤት ከሚመጡት የገንዘብ ክሶች ብዙዎቹ የሚወለዱት ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ባንድ ቤት መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የንግድ ሕግ ምንድር ነው?

የንግድ ሕግ ማለት ሰው ገንዘቡን፣ ዕቃውንና ድካሙን ከሌላ ሰው ጋራ ሲያገናኝ የሚተዳደርበት ሥርዓት ነው። ውል፣ ሽያጭ፣ ብድር፣ ዋስትና፣ መያዣ፣ ቼክ፣ ኢንሹራንስ፣ የንግድ ማኅበር፣ ኪሣራ ይህን የመሰለው ሁሉ በትምህርቱ ውስጥ ይገባል። ከነዚህም ውልና ብድር፣ ዋስትናም በፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የተጻፉ ናቸው። ቢሆንም ነጋዴ ያለ እነርሱ አንድ ቀን ስለማይውል፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባንድነት ይማሯቸዋል።

ነገሩ ላገራችን እንግዳ አይደለም። በፍትሐ ነገሥት ካሉት 51 አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ ነገር ሲናገሩ፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገሩ ናቸው። በነዚህም ውስጥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስና ስለ አደራ ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችንም ዋስ ጠርተው ሲሟገቱ፣ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ደግሞ በቁራኛ ታስረው እስኪፈረድላቸው ድረስ አብረው ሲውሉና ሲያድሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። «በሕግ አምላክ» የተባለ መንገደኛ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ የሚቆምበት አገር ስለ ንግድ ሕግ ሰምቶ አያውቅም ሊባል አይቻልም።

ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ግን የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ከወጡት ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ጀምሮ ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉም 3367 ቁጥሮች አሉት። የንግዱን ሕግ ደግሞ ዣን ኤስካራ የተባሉ ሌላ ፈረንሳዊ ጀምረውት ሳይፈጽሙ ስለ ሞቱ፣ አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ ያገራቸው ሰው ፈጸሙት። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ታውጆ፣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የተጻፈውን የዱሮውን ክፍል ተካ። ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ማጓጓዝ የሚናገረው የ1952 ዓ.ም. ክፍል ግን ሳይሻር ቀርቷል። ስለዚህ የዛሬ ተማሪ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ይዞ ማንበብ ግድ ይሆንበታል።

ትምህርቱም ቢሆን ታሪክ አለው። ባዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሕግን ዋና ትምህርታቸው የሚያደርጉት በሕግ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሲቀመጡ፣ የሒሳብ አያያዝና የሥራ አመራር ተማሪዎች የንግድ ሕግን ከዋና ትምህርታቸው ጎን ይማሩታል። በውጭ አገርም ይህ የተለመደ ነው። በጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከዋናው ትምህርቱ ሌላ ሁለተኛ ትምህርት የሚመርጥበት ልማድ አለ፤ ከሚመረጡትም አንዱ ሕግ ነው።

ባምቦና ባካባቢዋ ያለው ነገር

አምቦ ለዚህ ትምህርት የማትመች ከተማ አይደለችም። ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ተመሠረተ፤ ኋላም ኮሌጅ ሆኖ ቆይቶ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ደረሰ። አሁን ከእርሻው ሌላ የንግድ ሥራም የሕግም ትምህርት ይሰጥበታል፤ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሚያስተምረውም ትምህርት የታወቀ ነው።

ተማሪው በመጽሐፍ የሚያነበውን ከግቢው ወጥቶ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በየቤቱና በየሆቴሉ የሚጠጣው ያምቦ ውሃ ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ እየታሸገ ሲወጣ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ድርጅቱ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. መንግሥትና የውጭ አገር ባለ ገንዘብ የተካፈሉት አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ይህን ጠርሙስ በእጁ የያዘ ተማሪ፤ «አክሲዮን ማኅበር ማለት ምንድር ነው? ባለ አክሲዮን ከሚያዋጣው ገንዘብ በላይ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከሚማረው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ገበሬውም እንደዚሁ ነው። የጀልዱ ድንች፣ የጊንጪ ጤፍ፣ የባኮ በቆሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በውል ነው፤ ውሉ በቃልም ይሁን በወረቀት። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ፣ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ይኸውም ከብትም ሆነ የእህል ምርት፣ ተመዝግቦ የብድር መያዣ እንዲሆን ተፈቅዷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬ ምርቱን ሳያመርት ከገዢ ጋራ ስለሚዋዋልበት ሥርዓት ራሱን የቻለ አዋጅ ወጥቷል። እንግዲህ ሕጉ ከገበሬው በረት ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ገበሬው ግን ከሕጉ ጋራ ገና አልተዋወቀም፤ የሚያስተዋውቀው ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጣው ልጁ ነው።

ልጁ ተምሮ ለቤት የሚያመጣው ዕውቀት

በዩኒቨርሲቲ የሚማረው ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን እዚህ መዘርዘር አይቻለንም። ለቤተ ሰብ ይልቁን የሚረቡትን ግን ባጭር ባጭሩ እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ስለ ብድር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሕጉም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ በፍርድ ቤት ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በቀር በሌላ ማስረጃ እንዳይረጋገጥ ደንግጓል። ይህ 500 ብር በ1952 ዓ.ም. የተወሰነ ነው፤ ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ወንድም ለወንድም የሚያበድረው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በጽሑፍ መሆን አለበት። «እምነት የጐደለ ይመስላል» እየተባለ ወረቀት ሳይጻፍ የተሰጠ ገንዘብ ኋላ ምስክር ቢቆጠርለትም የማይመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ወለድም ቢሆን ያለ ልክ አይጠየቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተበዳሪና አበዳሪ በውል ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስቀጣል።

ሁለተኛው ስለ ውል አጻጻፍ ነው። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በጣቱ ያተመ እንደ ሆነ፣ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አይያዝበትም። በየገጠሩ ያሉ አያቶቻችን ምን ላይ እንዳተሙ ሳያውቁ አውራ ጣታቸውን በቀለም ሲነክሩ ስለሚታዩ፣ ይህን አንድ ቃል የሚያውቅ የልጅ ልጅ ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው ስለ ቼክ ነው። አሁን አሁን በየከተማው መጥፎ ልማድ ገብቷል። ገንዘብ የሚበደር ሰው የወደፊት ቀን የተጻፈበትን ቼክ እንደ መያዣ አድርጎ ይሰጣል። ሰጪው፤ «ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ወረቀት ብቻ ነው» ይላል። ሕጉ ግን ቼክ በታየ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል ይላል። በባንክ በቂ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። እንግዲህ ብድር የመሰለው ነገር ወደ ወኅኒ የሚያስገባ መንገድ ሆኖ ሲገኝ የቤተ ሰቡ ኀዘን ምን ያህል ይሆን?

አራተኛው ስለ ባልና ሚስት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፣ የጋራ የሆነ ቤትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ እንዲሁም ይህን ላህል ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. ያወጣችው የራሷ የቤተ ሰብ ሕግ አላት፤ ባምቦና ባካባቢዋ የሚሠራውም እርሱ ስለ ሆነ ተማሪው ሁለቱን አስተያይቶ ሊያነብ ይገባዋል። «ቤቱ በባሌ ስም ነው፤ እኔን አያገባኝም» የምትል ሚስት፣ «ለጓደኛዬ ብፈርም ለሚስቴ መንገር አያሻኝም» የሚል ባልም ተሳስተዋል። ሚስት ወይም ባል ሳይስማሙበት የተደረገውን ለማፍረስ የሚጠየቅበትም ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ሰምቶ ዝም ማለት መብትን ያስቀራል።

አምስተኛው ስለ ሽርክና ነው። ሁለት ወንድማማቾች ወፍጮ ቤት ቢያቆሙ፣ ወይም ሦስት ጓደኞች ባንድ የጭነት መኪና ቢነግዱ፣ ሥራው ሲከሥር ዕዳው እስከምን ድረስ ይከተላቸዋል? በኅብረት ሽርክና ማኅበር እያንዳንዱ ሸሪክ እስከ ቤቱና እስከ ከብቱ ድረስ ይጠየቃል። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን ያዋጣው ገንዘብ ብቻ ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ባንክ ለማኅበሩ ሲያበድር ባለቤቱን በግሉ ዋስ ሁን የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። እርሱም ከፈረመ፣ በማኅበሩ በኩል የተዘጋው በር በዋስትናው በኩል ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ያልተማረ ሰው «ማኅበሬ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው» እያለ ቤቱን ያጣል።

በመዝገብ ቤት ያየነው አንድ ነገር

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ቤት የሚያፈርሰው ዋስትና ስለ ሆነ፣ ያየነውን አንድ ነገር ስም ሳንጠራ እንነግራችኋለን።

ባንዲት የገበያ ከተማ የሚኖር አንድ አስተማሪ ለጓደኛው ዋስ ሆነ። ጓደኛው ካንድ የእህል ነጋዴ ጤፍ በዱቤ እየወሰደ ይሸጥ ነበር። በወረቀቱም ላይ፤ «ለሚወስደው እህል ሁሉ ዋስ ነኝ» ተብሎ ተጻፈ፤ አስተማሪው ፈረመ፤ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ። ጓደኛው ጥቂት ወራት በደኅና ሲከፍል ቆይቶ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ የት እንደ ደረሰ ታጣ። ነጋዴውም ዋሱን ከሰሰ፤ የአስተማሪው ቤትም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ታገደ። ሚስቲቱ ስለ ዋስትናው የሰማችው የእግዱ ወረቀት በደረሳቸው ቀን ነበር።

ከልጆቻቸው አንዲቱ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ወደ ቤት መጥታ የክሱን ግልባጭ ተቀበለችና በመዝገብ ቤቱ በር ቆማ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው። ከዚያ ወዲያ ወደ አባቷ ዘወር ብላ፤ «አባባ፣ እስከ ስንት ብር ነው ዋስ የሆንኸው? እዚህ ላይ አልተጻፈም» አለችው። አባትየው፤ «ለሁሉም ነው እንጂ» ብሎ መለሰ። እርሷም፤ «እንግዲያስ ጠበቃ ፈልገን ይህን እንንገረው» አለች።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 እንደሚለው ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት የመጨረሻው የገንዘብ ልክም ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው። ጠበቃው ይህን በመልሱ ውስጥ አቀረበ። ዳኞቹም ክርክሩን ሰምተው ዋስትናው ፈራሽ ነው ሲሉ ፈረዱ፤ እግዱም ተነሣ።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኛ ግን በዚያ ቀን ነጋዴውንም አይተነዋል። እህሉን የሰጠው በእምነት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የዓመት ድካሙ በጠፋው ሰው እጅ ቀረ፤ እርሱም የሚያስተምራቸው ልጆች ነበሩት። በዚያ ወረቀት ላይ «እስከ ይህን ያህል ብር» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ፣ ነጋዴው ገንዘቡን የሚጠይቅበት መንገድ ባልጠፋው ነበር፤ አስተማሪውም ልኩን አውቆ ወይ ይፈርም ወይ ይተው ነበር። እንግዲህ የሕግ ትምህርት ለተከሳሽ ብቻ ሳይሆን ለከሳሽም፣ ለባለ ዕዳ ብቻ ሳይሆን ለባለ ገንዘብም የሚያስፈልግ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ዋስትና ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ዋስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፤ «መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይፈለግ» ለማለት የሚችል ነው። ሁለተኛው ግን ከተበዳሪው ጋራ ባንድነት የተገደደ ዋስ ስለ ሆነ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ ቀጥሎ እርሱን ሊከሰው ይችላል። በወረቀቱ ላይ ልዩነታቸው ባንድ ወይም በሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በቤት ላይ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ታላቅ ነው።

በትምህርቱ ላይ ያለው ችግር

ይህን ትምህርት ስናመሰግን ችግሩን ልንሸሽግ አይገባንም። የመጀመሪያው ችግር የቋንቋ ነው። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታወጀው ባማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነ የሚጸናው አማርኛው ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚከራከሩት ባፋን ኦሮሞ ነው። ከዚህም በላይ የ1952 ዓ.ም. ሕጎች መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተረቀቁ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ አጥንቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ፣ አባቱ «ዋስ»፣ አያቱም «ዋቢ» ሲሉ እርሱ የተማረው ያው መሆኑን ሳያስተውል ይቀራል። በእኛ አስተያየት ተማሪ አንዱን የሕግ ቃል በሦስቱም ቋንቋ ባንድ ደብተር ጎን ለጎን እየጻፈ ቢያጠና ፈተናውንም ያልፋል፣ ወላጆቹንም ያስረዳል።

ሁለተኛው ችግር ትምህርቱን ለፈተና ብቻ ማጥናት ነው። የማኅበሮችን ስም በቃሉ አንበልብሎ፣ አባቱ የፈረመውን ወረቀት ግን አንብቦ የማያውቅ ተማሪ ገና ቤቱን አልጠቀመም። መጽሐፉ የሚገባው ከእውነተኛ ወረቀት ጋራ ሲነበብ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የእቁብ ደብተር፣ የእድር ደንብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ በየቤቱ ይገኛል። ተማሪው እነዚህን ይዞ፤ «ተዋዋዮቹ እነማን ናቸው? ግዴታቸው ምንድር ነው? ባይፈጽሙ ምን ይሆናሉ?» ብሎ ይመርምር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ነው፤ ይኸውም ጥቂት ዕውቀት የሚያመጣው ድፍረት ነው። አንድ ኮርስ የተማረ ልጅ ራሱን እንደ ጠበቃ ቆጥሮ ለመንደሩ ሁሉ ክስ የሚጽፍ፣ ሊታረቁ የሚችሉትን ጎረቤቶች ወደ ክርክር የሚመራ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ሕግም ይለወጣል፤ ትናንት የተነበበው ቁጥር ዛሬ ተሽሮ ሊገኝ ይችላል። በሁለተኛ ትምህርትነት የተማረ ሰው ሥራው አደጋውን አስቀድሞ ማየትና ወደሚያውቀው ሰው መምራት ነው። ከላይ የነገርናችሁ ልጅ የተመሰገነችው የጎደለውን ስላየች ብቻ አይደለም፤ ያየችውን ይዛ ወደ ጠበቃ በመሄዷም ነው።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፣ የመረጣችሁት ዋና ትምህርት ሒሳብም ይሁን የሥራ አመራር ወይም እርሻ፣ የንግድ ሕግ የተሰጣችሁ እንደ ሆነ በግድ እንደ ተጫነ ሸክም አትቍጠሩት። ባንክ ብትቀጠሩ፣ ሱቅ ብትከፍቱ ወይም ከገበሬዎች ማኅበር ጋራ ብትሠሩ ከእጃችሁ አይወጣም። የምርጫ ዕድል የተሰጣችሁም እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስለ ውል፣ ስለ ዋስትናና ስለ ብድር የሚናገረውን ምረጡ። ስለ ታላላቅ ማኅበሮች የሚናገረው ቀጥሎ ይደርሳል።

እናንተም ወላጆች፣ ይልቁንም ለሴቶች ልጆቻችሁ ይህን ትምህርት አትንፈጉ። የቤት ገንዘብ በብዙ ስፍራ በሴት እጅ ያልፋል፤ እቁቡን የምትጥል፣ ጠላውንና እንጀራውን የምትሸጥ፣ ለክፉ ቀን የምታጠራቅም እርሷ ናት። ፊርማ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ አትጠየቅም። ሕጉን የምታውቅ ሴት ልጅ ለእናቷ ዓይን ትሆናለች።

ደግሞም፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ሳያስፈልግ ዕዳ ውስጥ መግባት አይገባም። የቸገረ ዕለት ግን ወረቀቱን ሌሊት አሳድራችሁ በማግሥቱ ፈርሙ። ቶሎ ፈርም ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ጥድፊያው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። ባዶ ወረቀት ላይ፣ የገንዘቡ ልክ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ፣ በማይገባችሁም ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የፈረማችሁትንም አንድ ግልባጭ ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

ልጃችሁ በሚመጣው ዕረፍት ከአምቦም ሆነ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መጽሐፍ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ «ይህ ምን ያደርግልሃል?» ከማለት አስቀድሞ ሣጥናችሁን ክፈቱ። በውስጡ ያለውን የብድር፣ የዋስትና፣ የኪራይና የአክሲዮን ወረቀት ሁሉ አውጡለትና ባልና ሚስት ባንድነት ተቀምጣችሁ አንድ ባንድ ያንብብላችሁ። ያልገባውን ምልክት አድርጎበት ሲመለስ መምህሩን ይጠይቅ፤ የሚያሠጋ ነገር ያገኘም እንደ ሆነ ነገሩ ወደ ክስ ሳይደርስ ጠበቃ አማክሩ።